የሴባስቶፖል አፍ፦ የዐፄ ቴዎድሮስ ሕይወት በመሣሪያ ምርጫቸው በኩል ሲታይ

ከጥቂት ሳምንታት በፊት በመኝታ ክፍላችን አንድ ክርክር ተነሥቶ እስከ እኩለ ሌሊት ሳያስተኛን ቀረ። ከመካከላችን አንዱ ስለ አሜሪካ ከብት ጠባቂዎች የተሠራ ፊልም አይቶ መጥቶ ኖሮ፥ ከቃታው ሥር ያለውን የብረት ቀለበት ወደ ታች ገፋ፥ ወደ ላይ መለስ እያደረጉ የሚተኩሱትን ጠመንጃ ሲያደንቅ አመሸ። ነገሩ በዚሁ ባለቀ መልካም ነበር። ነገር ግን አንድ ሌላ ጓደኛችን፥ ለእንዲህ ያለው ጠመንጃ የሚሻለው አፈሙዝ ሰፊው ነው ወይስ ጠባቡ? ብሎ ጥያቄ ወረወረ። የጋይንቱ ልጅ ለሰፊው ቆመ፤ የመታውን ይጥላልና። የአዲስ አበባው ልጅ ለጠባቡ ቆመ፤ ሩቅ ይደርሳል፥ ትከሻም አይመታምና። እኔ ከእስቴ፥ ከመካነ ኢየሱስ የመጣሁት ግን አባቶቻችን ጠመንጃ ሲመርጡ መጀመሪያ የሚጠይቁት የአፉን ስፋት እንዳልነበረ ባስረዳቸው የሚሰማኝ አጣሁ። የሚጠይቁት ጥይቱ በየትኛው ገበያ እንደሚገኝና ስንት እንደሚያወጣ ነበር። ጥይቱ የማይገኝለት ጠመንጃ፥ አፉ ሰፋም ጠበበም፥ ከቤት ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ ጢስ የሚጠጣ ዱላ ነው።

በማግሥቱ ነገሩን ሳወጣ ሳወርድ፥ እኛ ለጨዋታ ያነሣነው ጥያቄ በአገራችን አንድ ታላቅ ሰው ዘመኑን ሁሉ የደከመበትና በመጨረሻም ሕይወቱን የከፈለበት ጥያቄ መሆኑ ታየኝ። ያውም ከእኛ መንደር ሩቅ ባልሆነ ስፍራ። ስለዚህ ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ጥቂት ልጽፍ ተነሣሁ። ታሪካቸውን ሁላችንም ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምሮ ስለተማርነው የምናውቀውን ሁሉ ደግሜ አንባቢን አላደክምም፤ የማተኩረው በመሣሪያ ምርጫቸው ላይ ነው።

ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለደ። አባቱ ኃይሉ ወልደ ጊዮርጊስ የቋራ ባላባት ነበር። አባቱ ከሞተ በኋላ እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ ችግር ላይ ወድቀው ነበርና ጠላቶቹ እስከ መጨረሻው ድረስ የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ ይሰድቡት ነበር። ልጅነቱን በገዳም ትምህርት ካሳለፈ በኋላ በዘመዱ በደጃዝማች ክንፉ ቤት አደገ። ደጃዝማች ክንፉ የደንቢያና የምዕራቡ ጠረፍ ገዥ ስለነበሩ፥ ከሱዳን በኩል ከሚመጣው የግብፅ ጦር ጋር ይዋጉ ነበር። ካሣ ጠረፍን፥ ጠረፍም የሚያመጣውን አደጋ ያወቀው እዚያ ነው። ክንፉ ሲሞቱ ርስቱን ሌሎች ስለወሰዱበት ጫካ ገባ። ሽፍታው እየበረታ ሲሄድ የራስ ዓሊ እናት እቴጌ መነን በጦር ሊይዙት ቢሞክሩ አልሆነላቸውም፤ ይልቁንም እሳቸው ራሳቸው እጁ ገቡ። ከዚያ ቀደም ሲል ለእርቅ ተብሎ የቋራ ገዥነት ተሰጥቶት፥ የራስ ዓሊን ልጅ ወይዘሮ ተዋበችንም አግብቶ ነበር።

እስከዚህ ድረስ ያለው የብዙ የዘመነ መሳፍንት ጀግኖች ታሪክ ነው። ካሣን ከሌሎቹ የለየው ግን፥ እንደ እኔ አስተያየት፥ ያሸነፈበት ቀን ሳይሆን የተሸነፈበት ቀን ነው። በመጋቢት 1840 ዓ.ም. ካሣ ብዙ ጦር ይዞ ወደ ሱዳን ቆላ ወረደና ደባርቂ በተባለው ስፍራ የግብፅን ጦር ገጠመ። ፈረሰኛው እንደ ልማዱ ግር ብሎ ገባ። ግብፆቹ ግን ከምሽጋቸው ሳይወጡ፥ በሥርዓት ተሰልፈው፥ በመድፍና በጠመንጃ ጠበቁት። ጦሩ ምሽጉ አጠገብ ሳይደርስ ረገፈ። ካሣ ከዚያ ሜዳ የተመለሰው በሁለት ሐሳብ ነው። አንደኛው ሥርዓት የሌለው ጦር ብዛቱ አይጠቅመውም የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ መድፍ የሌለው ንጉሥ መድፍ ባለው ፊት ንጉሥ አይባልም የሚል ነው። የኋላ ሥራቸውን ላየ ሰው እነዚህ ሁለት ሐሳቦች ከአእምሯቸው አንድ ቀን እንኳ እንዳልወጡ ግልጽ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ድል ፈጣን ነበር። በኅዳር 1845 ዓ.ም. በጉር አምባ ደጃዝማች ጎሹን፥ በዚያው ዓመት ሰኔ በአይሻል ራስ ዓሊን፥ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ደጃዝማች ውቤን አሸነፈና በደረስጌ ማርያም ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። በዚያ ጊዜ ዕድሜው 36 ዓመት ገደማ ነው። ከዚህ በኋላ አንቱ እላቸዋለሁ።

ዐፄ ቴዎድሮስ ዘውድ ከጫኑ በኋላ ሠራዊቱን ከገበሬው ጫንቃ አውርደው በደመወዝ ለማሳደርና በአለቃ በአለቃው ለማደራጀት ሞከሩ። የጎደላቸው መሣሪያ ነበር። እዚህ ላይ የዘመኑን ነገር ማወቅ ያሻል። በዚያን ጊዜ በአገራችን የነበረው ጠመንጃ ሁሉ በአፈሙዙ የሚጎርስ ነው። ወታደሩ ባሩዱን በአፈሙዙ ያንቆረቁራል፥ ድቡልቡሉን አረር ያስከትላል፥ በዘንግ ይጠቀጥቃል፥ ከዚያ በኋላ ነው የሚያነጣጥረው። ጎበዝ ነው የተባለ ሰው በደቂቃ ሁለት፥ ቢበዛ ሦስት ጊዜ ይተኩሳል። ዝናብ ከመጣ ያም የለም። ይህ ጠመንጃ ግን አንድ ትልቅ ደግነት ነበረው፤ ከባለቤቱ ብዙ አይጠይቅም። ባሩዱ ከአፈር ከሚጣራ ነጭ ጨው፥ ከድኝና ከከሰል እዚሁ ይወቀጣል። አረሩም ከእርሳስ እዚሁ ይፈሳል። የሰፋው አፈሙዝ ትልቁን አረር፥ የጠበበው ትንሹን ይጎርሳል እንጂ፥ ለዚህ ጠመንጃ ከባሕር ማዶ ይህን ያህል ቁጥር ያለው ጥይት ካልመጣለት ብሎ የሚያምፅ አልነበረም።

ጓደኛችን በፊልም ያየው ጠመንጃም የተወለደው ልክ በዚሁ ዘመን ነው። በአሜሪካ በ1860 እ.ኤ.አ. ሄንሪ የተባለው ጠመንጃ ወጣ። ቀለበቱን ወደ ታች ሲገፉት ባዶውን ቀለህ ይተፋል፥ ሲመልሱት ከሆዱ አዲስ ጥይት ያጎርሳል፤ 16 ጥይት በሆዱ ይይዛል። የአፈሙዙ ስፋት ከአንድ ኢንች 100 እጅ 44ቱ፥ ማለት ወደ 11 ሚሊ ሜትር ነው። በ1866 ደግሞ ዊንቸስተር የሚለውን ስም የያዘው የመጀመሪያው ወጣ። ለማኝታ ቤታችን ክርክር መልስ የሚሆነው ግን የ1873ቱ ነው። ይህ ጠመንጃ በጣም የተወደደው ከሌሎቹ ይልቅ ኃይለኛ ስለነበረ አይደለም። ኋላ የኮልት ፋብሪካ በዚያው ጥይት የሚሠራ ሽጉጥ ስላወጣለት፥ ከከተማ ርቆ የሚኖረው ሰው አንድ ዓይነት ጥይት በወገቡ ታጥቆ ሁለቱንም ያጎርስ ነበር። የእስቴ ገበሬና የአሜሪካ ከብት ጠባቂ ሳይተዋወቁ ተስማምተዋል ማለት ነው። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ጠመንጃ ከጀርባው ፋብሪካ ይፈልጋል። ቀለሁን የሚስብ፥ እሳት የሚጭረውን ቅመም የሚቀምም፥ ሁሉንም በአንድ ልክ የሚያወጣ ፋብሪካ ከሌለ ያ ሁሉ ብልሃት ከንቱ ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ ፋብሪካም ወደብም አልነበራቸውም። ምጽዋ በቱርክ፥ በኋላም በግብፅ እጅ ስለነበረ፥ በዚያ በኩል መሣሪያ በግልጽ ማስገባት አይቻልም ነበር። እንግዲህ ጥያቄያቸው፥ ሊገዛ የማይቻለውን እዚሁ ለመሥራት ከቻልን ምን ዓይነቱን ነው የምንሠራው? የሚል ሆነ። ጥሩ የጠመንጃ አፈሙዝ ለመብሳት ረቂቅ መሣሪያ ያሻል። ነሐስ አቅልጦ በአፈር ቅርጽ ውስጥ ማፍሰስ ግን ብዙ ሰውና ብዙ እሳት እንጂ ረቂቅ መሣሪያ አይጠይቅም። ብዙ ሰውና ብዙ እሳት ደግሞ ነበራቸው። ስለዚህ ትልቁን አፍ መረጡ። አንዳንድ ጸሐፊዎች ይህን ምርጫ እንደ እብደት አድርገው ሲጽፉ አይቻለሁ። እኔ እብደት ነው አልልም። በዚያ ሰዓት አገሪቱ በራሷ እጅ ልትሠራው የምትችለው እርሱ ነበርና።

ሥራው የተጀመረው ከደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው ጋፋት ነው። በዚያ ቫልድማየር፥ ዛልሙለር፥ ቤንደር፥ ማየር የተባሉ የወንጌል ሠራተኞችና የእጅ ጥበብ ሰዎች ሰፍረው ነበር። ቡርጎ የተባለ ፈረንሳዊ የጠመንጃ ሠሪና ሞሪትዝ ሆል የተባለ ፖላንዳዊም ነበሩበት። አብዛኞቹ የመጡት መጽሐፍ ቅዱስ ሊያስተምሩ ነው፤ መድፍ መሥራት ከቶ አያውቁም። ንጉሡ ግን አናውቅም የሚለውን ቃል አልተቀበሉትም። ሰዎቹ እያቅማሙ እቶን ሠሩ፥ ወናፍ አቆሙ። የመጀመሪያው ሙከራ ሳይሳካ ቀረ። እቶኑን አሻሽለው እንደገና ሞከሩ፤ በመጨረሻም ነሐሱ ፈሰሰና መድፍ ወጣ። ንጉሡ በዚያ ቀን የተደሰቱትን ያህል በሌላ ቀን መደሰታቸውን የጻፈ ሰው የለም ቢባል ብዙ ስሕተት አይሆንም። ሠራተኞቹን ሸለሙ፥ አከበሩ። ቫልድማየርም የንጉሡ ወዳጅ የነበረውን የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልን ልጅ አግብቶ እዚያው ኖረ።

እዚህ ላይ ለእኛ ለተማሪዎች የሚሆን አንድ ነገር አለ። ጋፋት የመድፍ ማፍሰሻ ብቻ አልነበረችም፤ ትምህርት ቤትም ነበረች። ንጉሡ ወጣቶችን መርጠው ከፈረንጆቹ ሥር ሆነው ብረት ሥራና ጋሪ ሥራ እንዲማሩ አድርገው ነበር። በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤም ወዳጅነት የሚፈልግ፥ መልእክተኞቻቸው በሰላም የሚያልፉበትን መንገድ የሚጠይቅ ነበር። ኋላም በ1858 ዓ.ም. ፍላድ የተባለውን የወንጌል ሰው ወደ እንግሊዝ ሲልኩት የጠየቁት የተሠራ መሣሪያ ሳይሆን ሠሪዎችንና የመሥሪያ መኪናዎችን ነው። እንደ እኔ ግምት ከመሣሪያ ምርጫቸው ሁሉ ትልቁና ትክክለኛው ይህ ነበር። ዓሣ ከመለመን መረቡን መለመን እንደ ማለት ነው።

ነገር ግን ያ የ1855ቱ ደብዳቤ ለንደን ደርሶ መልስ ሳይሰጠው ቀረ። ንጉሡ ንቀት መሆኑ ስለገባቸው ቆንሲሉን ካሜሮንን ከሌሎች ፈረንጆች ጋር አሠሩ። በጥር 1858 ዓ.ም. ራሳም የተባለው መልእክተኛ ደረሰ፤ ጥቂት ቆይቶ እርሱም ታሠረ። ፍላድ የሄደላቸው የእጅ ጥበብ ሰዎችና መኪናዎች እስከ ምጽዋ መጥተው ነበር። እሥረኞቹ ካልተፈቱ አይሻገሩም ተባለና ከዚያው ተመለሱ። ንጉሡ ደግሞ ሠራተኞቹ ካልመጡ እሥረኞቹን አልፈታም አሉ። ከሁለቱ ወገን ማን ቀድሞ እጁን መዘርጋት ነበረበት የሚለውን ለታሪክ ክፍል ተማሪዎች እተወዋለሁ። ያም ሆነ ይህ ጋፋት በያዘችው እቶን ብቻዋን ቀረች።

አሁን ወደ መራራው ክፍል እገባለሁ። እኔ የበጌምድር ልጅ ነኝና ይህን ዘልዬ ብሄድ አገሬ ይታዘበኛል። በ1850ዎቹ መጨረሻ ላይ የንጉሡ ግዛት ከየአቅጣጫው ተቆርሶ ነበር። ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ሸዋን ያዙ፤ ላስታ በዋግሹም ጎበዜ፥ ትግሬ በካሣ ምርጫ እጅ ገባ። ለንጉሡ የቀራቸው በጌምድር ነው። ለዚያ ሁሉ ሠራዊት እህልና ከብት፥ ለዚያ ሁሉ እቶን እንጨት፥ ለዚያ ሁሉ መድፍ ጎታች የሚወጣው ከአንድ ጠቅላይ ግዛት ሆነ። ገበሬው ያለውን ሰጠ፤ ሲያልቅበት ሸሸ፤ ሲሸሽ ተቀጣ። በ1859 ዓ.ም. ጎንደር ተዘረፈች፥ ተቃጠለች፤ አብያተ ክርስቲያናቷም አልተረፉም። በደብረ ታቦር ዙሪያ ያለው አገር በዚያ ዓመት የደረሰበትን ቅጣት፥ እዚያው ታሥረው የነበሩት ፈረንጆች በዝርዝር ጽፈውታል፤ ሲነበብ ያማል። በመንግሥታቸው መጀመሪያ በአሥር ሺህ የሚቆጠረው ጦር ሌሊት ሌሊት እየከዳ ጥቂት ሺህ ሆኖ ቀረ። ገበሬውን ከወታደር ቀንበር ለማውጣት ሥርዓት ያወጡት ንጉሥ መጨረሻቸው በገበሬው ላይ እንዲህ ሆነ። ስለ መሣሪያ ስንከራከር የአፈሙዙን ስፋት እንለካለን፤ የጎታቹን ትከሻ ግን ማን ይለካዋል?

ሴባስቶፖል የፈሰሰው በዚህ በክፉ ዓመት በ1859 ዓ.ም. ነው። ስሙ የተወሰደው ሩሲያ ከእንግሊዝ፥ ከፈረንሳይና ከቱርክ ጋር ከተዋጋችበት ከክሪሚያ ምሽግ ነው። ክብደቱ ወደ 70 ኩንታል ይደርሳል። አጭር፥ ወፍራም፥ አፉን ወደ ሰማይ ከፍቶ የሚተኩስ ዓይነት ነው። በዚያ ዘመን በመላው አገራችን ከእርሱ የሚበልጥ አፍ ያለው መሣሪያ አልነበረም። በኢትዮጵያ ምድር መፍሰሱ በራሱ ድንቅ ነው፤ ይህን ማንም አይክድም።

በ1860 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ላይ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው መድፎቻቸውን እየጎተቱ ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። ይህን ጉዞ የእኛ አገር ሰው ካልተረከው ማን ይተርከዋል? ከደብረ ታቦር ወደ ምሥራቅ የጉናን ግርጌ ይዞ ወደ ጋይንት የሚሄደውን መንገድ የምናውቅ እናውቀዋለን። ዛሬ በመኪና ሲያልፉት እንኳ ነፋስ መውጫ ስሟን በከንቱ እንዳላገኘች ይታወቃል። ከጋይንት ወዲያ ጨጨሆ አለ፤ ከዚያ ወዲያ ደጋው ወደ ዘቢጥ፥ ወደ ዋድላ ይዘልቃል፤ ከዚያም ምድር ድንገት ተሰንጥቃ የጅጣ ገደል ይመጣል፤ ያን ተሻግረው ደላንታ ሲወጡ ደግሞ የበሽሎ ገደል ይጠብቃል። መንገድ የሚባል ነገር አልነበረም። ንጉሡ ድንጋይ እያስፈለጡ፥ ገደሉን እያስናዱ፥ መንገዱን እየሠሩ ሄዱ። ራሳቸውም ከሰው ቀድመው ድንጋይ ይፈነቅሉ እንደ ነበር ያዩዋቸው ጽፈዋል። ለሴባስቶፖል ብቻ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው በጠፍር ይጎትት ነበር፤ ሽቅብ ሲሆን ከፊት፥ ቁልቁል ሲሆን ከኋላ። አንዳንድ ቀን ጉዞው የሚለካው በርምጃ ነው። ዳርና ዳር ያለው አገር ጠላት ነው፤ እህል የሚሰጥ የለም። መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው። ያለ መድፍ በሁለት ሳምንት ውስጥ የሚያልቀው መንገድ ስድስት ወር ያህል ወሰደባቸው።

የሚገርመው፥ ያን ጊዜ እንግሊዞችም መድፍ ይጎትቱ ነበር። ጄኔራል ናፒየር 13,000 ያህል ወታደር ይዞ ከዙላ ባሕር ዳርቻ ሲነሣ፥ ከባዶቹን መድፎች የጫነው ከህንድ ባመጣቸው ከ40 በሚበልጡ ዝሆኖች ላይ ነው። ጅጣንና በሽሎን የተሻገረው ደግሞ ንጉሡ ባሠሩት መንገድ ነው። ለሴባስቶፖል የተጠረገው ጥርጊያ ለጠላት ዝሆን ተመቸ። እንግሊዞቹም ስለ መንገዱ አሠራር አድናቆታቸውን ሳይደብቁ ጽፈዋል።

ሁለቱ ወገኖች የተገናኙት ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በስቅለት ዕለት ከሰዓት በኋላ በአሮጌ ሜዳ ነው። ንጉሡ መድፎቻቸውን ከፋላ ኮረብታ ላይ አስቀምጠው ቁልቁል ተኮሱ። ጥይቱ ከእንግሊዞቹ ራስ በላይ እያለፈ ወደቀ፤ ከመድፎቹም አንዱ ባሩድ በዝቶበት ኖሮ ፈነዳ። ፊታውራሪ ገብርዬ ጦሩን ይዞ ከኮረብታው እንደ ጎርፍ ወረደ። በዚያ ላይ ዝናብ ጣለና በአፈሙዝ የሚጎርሰውን ጠመንጃ አሰነፈው።

እንግሊዞቹ የያዙት ጠመንጃ ስናይደር ይባላል፤ የእኛ ሰው ኋላ ሰናድር ያለው ነው። አንባቢን በተለይ ልብ በልልኝ የምለው እዚህ ላይ ነው። የሰናድር አፈሙዝ ስፋት ከአንድ ኢንች 1,000 እጅ 577ቱ፥ ማለት ወደ 14.7 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ስፋት አዲስ አይደለም። ከዚያ በፊት እንግሊዞች ይዘውት የነበረው ኤንፊልድ የተባለው፥ በአፈሙዝ የሚጎርሰው ጠመንጃ ስፋትም ይኸው ነው። ሰናድር ማለት ያው አሮጌው ኤንፊልድ ኋላው ተቆርጦ በጎን የሚከፈት መዝጊያ የተገጠመለት ነው። ወታደሩ መዝጊያውን ከፍቶ የተሰናዳ ጥይት ያጎርሳል፥ ይዘጋል፥ ይተኩሳል፤ በደቂቃ እስከ 10 ጊዜ። ለመጉረስ መቆም አያሻውም፤ ተኝቶም ያጎርሳል። ጥይቱ በቀለህ ውስጥ ስለሆነ ዝናብ አይፈራም። አፉ ያው ሆኖ አጎራረሱ ተለወጠ፤ በአጎራረሱ ኋላ ደግሞ ጥይቱን በሚሊዮን የሚያወጣ ፋብሪካ፥ ፋብሪካውንም እስከ በሽሎ የሚያደርስ መርከብና በቅሎ ቆሟል። ይህ ጠመንጃ በትልቅ ውጊያ ከተፈተነባቸው የመጀመሪያ ቦታዎች አንዱ የእኛው የአሮጌ ሜዳ መሆኑ ያሳዝናል።

ውጊያው ከጥቂት ሰዓት አላለፈም። ከእኛ ወገን 700 ያህል ሰው ሞተ፤ ከ1,000 በላይ ቆሰለ። ገብርዬም እዚያው ወደቀ። ከእንግሊዝ ወገን 20 ያህል ቆስለው ከእነርሱ ሁለቱ ሞቱ። ይህን ቁጥር ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። ያ ገደል የወረደው ሰው የፍርሃት ዘር አልነበረበትም። ሲሮጥ የቆጠረው አንዱ ተኩስ ከሌላው እስኪደርስ ያለውን ፋታ ነበር፤ ያን ፋታ ከአባቱ ጀምሮ ያውቀዋል። በዚያ ቀን ፋታው አልመጣም።

ሴባስቶፖልስ? ያ ሁሉ ትከሻ የተላጠበት፥ ያ ሁሉ አገር የተራቆተበት መድፍ ለውጊያው አንዳች አልፈየደም። እንዲህ ያለው መሣሪያ የተፈጠረው ቆሞ የሚጠብቅን ምሽግ ከላይ ሆኖ ለመደብደብ እንጂ፥ በሜዳ ላይ ተበታትኖ፥ እየተኛ እየተነሣ የሚመጣን ሰልፍ ለመመለስ አይደለም። ደባርቂ ላይ ካሣን የመታው የግብፅ መድፍ ጠላቱ እስኪመጣለት ከምሽግ ውስጥ የሚጠብቅ ነበር። ንጉሡ የዚያን ቀን ትምህርት 20 ዓመት በልባቸው ይዘው ኖሩ፤ በእነዚያ 20 ዓመታት ውስጥ ግን ዓለም ሌላ ትምህርት ጀምሮ ነበር። ዜናው በምጽዋ በኩል አልፎ ጋፋት አልደረሰም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ንጉሡ እሥረኞቹን ፈቱ፤ እጃቸውን ግን አልሰጡም። ሚያዝያ 6 ቀን፥ በፋሲካ ማግሥት፥ እንግሊዞች ወደ መቅደላ አምባ ሲወጡ በበሩ ላይ በሽጉጥ ራሳቸውን ገደሉ። ሽጉጡ ቀደም ባለው ዘመን ንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ የላከችላቸው ነው ይባላል። ከ70 ኩንታል መድፍ የጀመርነው ታሪክ በአንድ እጅ በሚያዝ ሽጉጥ አለቀ።

ከአሮጌ ጦርነት 8 ዓመት ሳይሞላ፥ በ1868 ዓ.ም.፥ በጉንደትና በጉራዕ የግብፅ ጦር ሲደመሰስ በሺህ የሚቆጠር፥ ከኋላው የሚጎርስ ረሚንግተን በዐፄ ዮሐንስ ሠራዊት እጅ ገባ። ከዚያም ዐፄ ምኒልክ ውጅግራውን፥ ሌላውንም እየገዙ አስገቡ። ቁጥሩ በዛ፤ አዲስ ችግርም አብሮ መጣ። የውጅግራ ጥይት ለረሚንግተን አይሆንም፤ የሰናድሩ ደግሞ ለሁለቱም አይሆንም። የአንድ አለቃ ጭፍራ ሦስትና አራት ዓይነት ጥይት በየከረጢቱ መያዝ ነበረበት። ከሁሉም ይልቅ፥ አረሩን በቤቱ ያፈስ የነበረው ሰው ከዚያ ወዲያ ዓይኑን ወደ ባሕር የሚጥል ሆነ። የመካነ ኢየሱስ ሽማግሌዎች ስለ ጠመንጃ ሲጠየቁ መጀመሪያ ስለ ጥይቱ የሚጠይቁት ከዚያ ወዲህ ይመስለኛል።

እንግሊዞች ከመቅደላ ሲመለሱ የአምባውን መጻሕፍት፥ ዘውድና ንዋየ ቅድሳት ዘርፈው በ15 ዝሆንና በ200 ያህል በቅሎ ጭነው ወሰዱ። ሴባስቶፖልን ግን የሚያነሣው አልተገኘም። አዲስ አበባ ውስጥ በቸርችል ጎዳና፥ በቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው ምስሉ ነው፤ ብዙዎቻችን ታክሲ ስንጠብቅ ተደግፈነዋል። ዋናው ዛሬም መቅደላ ላይ ነው።